አሥራ አንድ ፊደል

አቃቂ፥ የካቲት ፯ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለድንቅነሽ፥
ጅቡቲ

ከአቃቂ ብርድ ተነሥቶ ጅቡቲ ሙቀት ድረስ የሚዘልቅ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ደህናስ አይደለሁም።

በመስቀል ማግስት ባቡር ላይ ሳሳፍርሽ ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? «እህቴን ፈለቀችን አይቼ፥ ባሕሩንም አይቼ፥ በአሥራ አምስት ቀን እመለሳለሁ።» ይኸው አምስተኛ ወር ያዘ። መጀመሪያ ፈለቀች ወለደች፥ ክርስትናው ይለፍ አልሽ። እሺ። ቀጥሎ ባሕሩ ለቁርጥማቴ ተስማማኝ አልሽ። ድንቅነሽ፥ አብረን በኖርንበት ሰባት ዓመት ቁርጥማት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ለምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት የሚሰጠውን የመመለሻ ቲኬትሽን ቀን ሁለት ጊዜ አስረዝሜልሻለሁ። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የጣቢያው ሹም መነጽሩን አወለቀና «ሳህሌ፥ ሚስትህ የሄደችው ለሽርሽር ነው ወይስ ተዛውራ?» አለኝ። አብረውኝ ሐዲድ የሚጠግኑት በሙሉ ሳቁ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ፈቅዷል፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ጠላ ሳልቀምስ ላውጣው። ይህ የአንቺን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ፥ የእኔንም የሚያነብልሽ የፈለቀች ተከራይ፥ ይህ ኩምሳ ማነው? በየደብዳቤሽ ግርጌ «እኔም ጸሐፊው ኩምሳ እጅ እነሣለሁ» ይላል። ጽሕፈቱ ያምራል፤ ያናደደኝም ማማሩ ነው። «ናፍቆትህ አንጀቴን በላው» ብሎ ጽፎልኛል። አንቺ እንዲህ አትዪም። አንቺ የምትዪው «ምነው አንተ ሰው፥ ጠፋህ!» ነው። ታዲያ ይህ አንጀት የማን ነው?

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ነገሩ ወጣ። ኩምሳ ፊደል ማስተማር ከጀመረሽ ሁለት ወር ሆኖታል፤ «እስከ ተ ደርሻለሁ፥ ሳልጨርስ አልመጣም» ብለሻል። በሁለት ወር አሥራ አንድ ፊደል! እኔ የኔታ ዘንድ በአለንጋ ሁሉንም በሁለት ሳምንት ነው ያወጣሁት። ሰውየው ምነው አልቸኮለም? እጅሽን ይዞ ነው የሚያስጽፍሽ? ቀንቻለሁ ድንቅነሽ፤ ምን አድበሰብሰዋለሁ።

ጎረቤታችን ተክሌ «ፊደል መማር ምን ክፋት አለው?» ቢለኝ ተጣላሁት። የተጣላሁት እውነቱን ስለሆነ ነው። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት፥ ደጃፋችን ላይ ጋዜጣ ሳነብ «እኔንም አስተምረኝ» አልሽኝ። «ለማን ልትጽፊ?» ብዬ ሳቅሁብሽ። አንቺም አብረሽኝ ሳቅሽ፤ ዳግመኛ ግን አልጠየቅሽኝም። ሰውየው የወሰደብኝ ነገር የለም፤ እኔ የጣልኩትን ነው ያነሣው። ይህን ማወቄ ደግሞ ቅናቴን አላበረደውም።

የቀሩትን ፊደሎች እኔ አስተምርሻለሁ። አልስቅም። የፈለቀችን ሕፃን ሳሚልኝ። እመብርሃን ከባሕሩም ከሙቀቱም ትጠብቅሽ።

ባልሽ ሳህሌ

ኩምሳ ወንድሜ፥ እዚህ ላይ ማንበብህን አቁምና ወረቀቱን ለእሷ ስጣት። ከዚህ በታች ያለው ያንተ አይደለም፤ ራሷ ታነበዋለች። «ነይ» ብዬ ልጽፍላት ነበር፤ ነ ላይ ገና አልደረሰችም። እስክትደርስ ደግሞ አልጠብቅም። በምታውቀው ፊደል ጽፌላታለሁ።

ተመለሺ