ድንጋዩን ያልተሻገርኩበት ቅዳሜ

ልጄ ኤልሳቤት፣ የምታድሪበት ቤት የሰላም ቤት ይሁንልሽ፤ ጌታ በአሠሪዎችሽ ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ቡራዩ ደህና ነን። አባትሽ ወገቡን ተሽሎት ወደ ብሎኬት ሥራው ተመልሷል። ጣራውም ማፍሰሱን ትቷል።

ድምፅሽን ከሰማሁ ሃያ ስድስት ቀኔ ነው። ጭንቀቱ ሲብስብኝ ቅዳሜ ሱሉልታ ወዳለው የጸሎት ቦታ ሄድኩ። እዚያ በድንጋይ የተከለለ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። እየጸለይሽ ዞረሽ ዞረሽ መሀሉ ትደርሻለሽ፤ በዚያው መንገድ ትመለሻለሽ። ድንጋዩን መሻገር ክልክል ነው። ስልክም በር ላይ ለጥበቃው ለኦቦ ዲሪርሳ ይሰጣል።

መሀሉ ላይ ቆሜ ስምሽን ለጌታ እየነገርኩ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ዲሪርሳ ከፍ አድርገው እያሳዩኝ «የውጭ ቁጥር ነው! ቶሎ ነይ!» አሉኝ። በቀጥታ ብሄድ ሃያ እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን ጸሎቴ እንዳይበላሽ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ ዞሬ ተመለስኩ። ስደርስ ጥሪው ተቋርጧል። መልሼ ብደውል የሚያነሳ የለም። የለመንኩት ሲመጣ ደንብ የምጠብቅ ምን ዓይነት እናት ነኝ? አንቺ ነበርሽ?

ይህን ደብዳቤ ወደ ቤይሩት የምትመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ፀዲ ታደርስልሻለች። ስልክ ከከለከሉሽ በእሷ በኩል አንድ ቃል ላኪልኝ። ምግብሽንም አትተዪ።

ጌታ በክንፉ ይሸፍንሽ። እባክሽ ልጄ፣ ደግመሽ ደውዪ። አሁን ድንጋዩን ረግጬ እመጣለሁ።

እናትሽ ብርሃነሽ