መሰላሉ አራት ሰዓት ላይ ይቆለፋል

ሐሙስ፣ የደብረ ዘይት ሳምንት። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋሱ ግን ከጉና ተራራ በኩል እየወረደ የግቢውን አቧራ ወደ ዕቃ ቤቱ ይነዳዋል። በዕቃ ቤቱ የነበርነው እኔ፣ መስታወት አጣቢዋ ብርቱካንና የጽዳት ድርጅቱ ባለቤት ጋሼ ደምሴ ነን። አሁን ሁለቱም ሄደዋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጻፍልህ ብዬ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጫለሁ።

ሞላዬ፣

በሁዳዴ ተለየኸኝ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ሦስተኛው ሁዳዴ ነው። ቤታችን ደኅና ነው። ልጅህ አስቴር ይፋግ ላይ አስተማሪ ሆና ተመድባለች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች። ስትመጣ እንደ አንተ ጫማዋን ደጅ አራግፋ ነው የምትገባው። ባሕር ዛፍ ጠርበህ የሠራኸውን መሰላል ለሁለት ቆርጬ የዶሮ ቆጥ አድርጌዋለሁ። አትቆጣኝ። ግድግዳ ተደግፎ የሚያየኝ መሰላል እንዲኖር አልፈለግሁም። ዶሮዎቹ ወደውታል።

ያኔ ከገበያ ስትመለስ በርበሬና ጨው የተጠቀለለበትን የወረቀት ቅዳጅ አልጥልም ብዬ ፍራሽ ሥር ሳከማች ትስቅብኝ ነበር። ፊደል የለየሁት በእነዚያ ነው። አንዱ ቅዳጅ የልጅ ፈተና፣ አንዱ የጸሎት መጽሐፍ ገጽ፣ አንዱ የከብት መድኃኒት ማስታወቂያ ነበር። መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ሳላውቅ መሃል መሃሉን እያነበብሁ ተማርሁ። አሁን በማጽጃው ጀሪካን ላይ የተጻፈውን ለሠራተኛው የማነበው እኔ ነኝ። አንተና እኔ ወለልና መስታወት ስናጸዳ በነበርንበት ድርጅት የደኅንነት ኃላፊ ብለውኛል። ስሙ ትልቅ ነው፤ ሥራው ግን ቀኑን ሙሉ መጨቅጨቅ ነው። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ እላለሁ። አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ አትቅዱ፣ የጠማው ሰው ውኃ መስሎት ይጠጣዋል እላለሁ። «ወለሉ እርጥብ ነው» የሚለውን ቢጫ ሰሌዳ ባቆምሁ ቁጥር ደግሞ አንዱ ባለጉዳይ ኮቱን ይሰቅልበታል።

የተለየኸኝበትን ዓርብ እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ግን መጻፍ አለብኝ።

እኔ ለጽዳት የተላክንበትን ሆቴል መግቢያ እወለውል ነበር፤ አንተ ከላይ መስታወት ታጥባለህ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ቀና ስል ግንባርህን የመሰላሉ እርከን ላይ አስደግፈህ አየሁ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውኃ እንዳልቀመስህ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ውረድ፣ ደክመሃል» ልልህ አፌን ከፈትሁ። አጠገቤ ሰዎች ነበሩ። ሁልጊዜ የምትለኝ ትዝ አለኝ፦ «የሺዬ፣ ጾም አደባባይ ከወጣ የሰው ሆነ፤ የእግዜር መሆኑ ቀረ።» ጾምህን በሰው ፊት አላወጣብህም ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ መወልወያዬን ጨመቅሁ። ባልዲው ላይ እንዳጎነበስሁ ወደቅህ።

ለቀስተኛው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለኝ። እኔም አሜን አልሁ። በልቤ ግን፣ በስምንት ሰዓት ባዶ ሆዱን መሰላል ላይ ያቆየው ቀን አይደለም፣ እኛ ነን አልሁ። አርባህ ሲወጣ ጋሼ ደምሴ ዘንድ ሄድሁና ሠራተኛውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል አልኋቸው። «እንግዲያ አንቺው ጠብቂ» አሉኝ። ኀዘኔን ሊያስረሱኝ ያሉት ይመስለኛል። እኔ ግን ያዝሁት።

የደኅንነት ቀበቶ አስገዛሁ። አብሮት የመጣው ወረቀት በማላውቀው ቋንቋ ስለሆነ ሥዕሉን እያየሁ ራሴን ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ ወራጅ ላይ አንጠልጥዬ ሞከርሁት። ብርቱካን ድንገት ገብታ እንደዚያ ስታየኝ ጩኸቷን አቀለጠችው። ቀጥሎ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ በጾም ወራት መሰላል የሚቆመው በማለዳ ነው፣ አራት ሰዓት ሲሆን ይቆለፋል። ጾመኛ ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ክርስቲያን ሆነ እስላም፣ የበላም ያልበላም፣ ሁሉም ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን የማንም ጾም አይታወቅም፤ የሚወድቅም የለም።

ዛሬ ይህ ደንብ ተፈተነ። ቅዳሜ የሚመረቅ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አለ። ቀለም ቀቢዎቹ ነገ እስከ እኩለ ቀን አይወጡም፤ ስለዚህ ጋሼ ደምሴ መስታወቱ ነገ ከሰዓት ይታጠብ አሉ። አይሆንም አልሁ።

«ጾመኛውን ለይተሽ አስቀሪ፣ የበላውን አውጪ። ይህ ምኑ ያስቸግራል?»

«ጋሼ፣ ብጠይቃቸው ሁሉም በልተናል ነው የሚሉኝ። ግማሹ ሥራው እንዳይቀርበት፣ ግማሹ ጾሙ እንዳይታይበት።»

ብርቱካንን ታስታውሳታለህ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰችው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እኔ እወጣለሁ» አለች። «እዚያ ዘጠነኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆሜ ስጠርግ ማን ቁርስሽን በልተሻል ወይ አለኝ? እትዬ የሺ፣ አንቱ ደግሞ የነፍስ አባቴ ሆኑ እንዴ?» ጋሼ ደምሴ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ስትስቅ ከንፈሯ መድረቁን አየሁ።

ጋሼ ደምሴ ሲወጡ «ነገ ከሰዓት መሰላሉ ይቁም። ካልሆነ ቁልፉን አስረክቢኝና ወደ መወልወያሽ ተመለሽ» አሉ። መጥፎ ሰው አይደሉም። አስከሬንህን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ትከሻ አልቀየሩም። ግን ምረቃው አስጨንቋቸዋል።

ሞላዬ፣ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ። መወልወያውን አልፈራውም፤ ልጄን ያሳደግሁት በእሱ ነው። የምፈራው እንደገና ባልዲ ላይ አጎንብሼ ያንን የመውደቅ ድምፅ መስማት ነው። ያን ቀን ለጾምህ ብዬ ዝም አልሁ፤ አንተም ብትሆን፣ ከጾምህ ይልቅ መኖርህን መርጬ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ትመርቀኝ እንደነበር አውቃለሁ። ሐውልት አላቆምሁልህም። መሰላል በቆለፍሁ ቁጥር ግን ስምህን እጠራለሁ፤ እጄ ቁልፍ መጠምዘዝ እስኪያቅተው ድረስ እጠራዋለሁ። ነፋሱ በረታ፤ እዚህ ላይ ላቁም።

ዓርብ። ያደረግሁትን ልጨርስልህ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አባታችን ሆይ ደግሜ ወጣሁ። የብርቱካንን በር አንኳኳሁ፤ «ዶሮ ሳይጮህ?» አለች፤ ግን ነጠላዋን ደርባ ተከተለችኝ። ሌሎቹን ሁለት መስታወት አጣቢ ወንዶች ከየቤታቸው ጠራሁ። ሕንፃው ዘንድ ስንደርስ የቀለም ቀቢዎቹን አለቃ ፈልጌ ከላይ ወደ ታች የቀረው ቀለም የት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከውጭ የቀረው የምድር ቤቱ ዙሪያ ብቻ ነው አለኝ። ያ መስታወት ከመሬት ቆሞ ይታጠባል፤ ለከሰዓት ተውሁት። ላዩን አሁን እናጥባለን አልሁ።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መሰላሉ ቆመ። የሦስቱንም የቀበቶ ዘለበት አንድ በአንድ ስቤ አየሁ። የቀበቶዎቹን ገመድ ከጣሪያው ዓምድ ጋር አሳሰርሁ። ሦስቱ እየተፈራረቁ ወጡ፤ የመሰላሉን እግር የያዝሁት እኔ ነኝ። ውርጩ ጣቴን አደነዘዘው። ሦስተኛውና ሁለተኛው ፎቅ አለቁ። አንደኛው ሊያልቅ ሲል አራት ሰዓት ሆነ።

ብርቱካን ከላይ ነበረች። «እትዬ፣ ስድስት መስኮት ብቻ ነው የቀረኝ! ዐይንዎን ይጨፍኑና እጨርሰዋለሁ!» አለች። መንገደኛው ቆሞ ያያል፤ ቀለም ቀቢዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል።

«ብርቱካን፣ ውረጂ!» አልሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮኽሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

እያጉረመረመች ወረደች። የመጨረሻውን እርከን ስትለቅ ተንገዳገደችና ትከሻዬን ያዘች። በልተሻል ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። መሰላሉን አብረን አጋደምነው፤ ከመግቢያው ዓምድ ጋር በሰንሰለት ቆለፍሁት፤ ስምህን ጠራሁ።

ጋሼ ደምሴ መጡ። ቀና ብለው ስድስቱን ቆሻሻ መስኮቶች አዩ። ቁልፉን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። «ነገ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራሴ እከፍተዋለሁ፤ ከምረቃው በፊት ያልቃሉ» አልኋቸው። «ዛሬ ግን አልሰጥም።» የዘረጉትን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ነገ ኃላፊ ልሁን ወለል ወልዋይ፣ አላውቅም።

በባልዲ ውኃ ቀዳሁ። የሕንፃውን መግቢያ መወልወል ጀመርሁ። መወልወያዬን ስጨምቅ ቀና ብዬ ቆጠርሁ፦ ብርቱካን ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ አንዱ ገመድ ይጠቀልላል፣ አንዱ ጨርቅ ያጥባል። ሦስቱም መሬት ላይ ነበሩ።