የእትዬ ወርቄ ጥላ

ጥር 8፣ ጠዋት

ዛሬም ጉድጓድ። ሲኞር ብሩኖ (ከእንግዲህ ሲ.ብ. እለዋለሁ፤ ለስሙ ቀለም አላባክንም) የቀን ሠራተኞች አቁሞ ሜዳው መሐል እስከ ወገብ አስቆፈረ። ካሜራውን ይዞ ገባበት። የአገሩ ገዥ ጣሊያኑ ካፒቴን ከላይ አፋፉ ላይ ቆመ። ካፒቴኑን ታውቂዋለሽ፣ አንቺ ደብተር፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት አይነካም። ከጉድጓዱ ሲታይ ግን ሌላ ሰው ነው። እኔም ገብቼ በካሜራው መስተዋት አየሁት። ከጀርባው ሰማይ ብቻ፤ አገጩ ደመና ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ቀጥሎ ሲ.ብ. መኪናው ጣሪያ ላይ ወጣና የቀወትን ገበሬዎች ከላይ ወደ ታች አነሣቸው። ያ ሁሉ መለሎ አናትና ትከሻ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ አውድማ ላይ የፈሰሰ ማሽላ። ቀና እንዳይሉ ንገራቸው አለኝ። ነገርኳቸው። ጣሊያንኛ የተማርኩት ለዚህ ኖሯል።

ጥር 11፣ ከሰዓት በኋላ

እርቁ ተፈጸመ። አማቴ ጋሽ ደምሴ ድንጋይ ተሸከሙ።

ከሥሩ ልጻፍልሽ። አምና በሮቢ ወንዝ የመስኖ ተራ ጠብ ተነሣና ልጃቸው ተሰማ፣ የሚስቴ የአስካለ ወንድም፣ የእትዬ ወርቄን ታናሽ ልጅ ገደለ። ሸሽቶ አዳል በረሃ ገባ። ሽማግሎች ሲመላለሱ ከርመው ዛሬ ደሙ ሊደርቅ ሆነ። ወጉ የታወቀ ነው፤ የገዳይ አባት ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ የሟች እናት ፊት ይወድቃል። በገዛ እጇ ካወረደችለት ደሙ ደረቀ።

ከበደ ግን የለም። የእትዬ ወርቄ ታላቅ ልጅ ነው፤ ጣርማ በር ለጣሊያን የመኪና መንገድ ዋሻ ሲፈለፍል ይውላል፣ አለቆቹ አልለቀቁትም። የላከው ቃል፦ ደምሴ አንገቱን ሲደፋ በዓይኔ ካላየሁ እርቅ አላውቅም፤ ተሰማን ያገኘሁት ዕለት እገድለዋለሁ።

ሲ.ብ. ላንሣ ብሎ ለመነ። ሽማግሎቹ አጉረመረሙ። የእርቅ ቦታ የፈረንጅ መጫወቻ አይሆንም አሉ። አማቴ ወደ እኔ ዞሩና ይኼ መሣሪያ ያየውን ለሌላ ሰው መልሶ ያሳያል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያሳያል አልኳቸው።

«እንግዲያ ያንሣኝ» አሉ። «ከበደ ይየኝ።»

አነሣቸው። ከሩቅ፣ ኮረብታውን ሲወርዱ። ከቅርብ፣ ፊታቸውንና ላባቸውን። አቧራ የሚጎትተውን እግራቸውን ለብቻ። እትዬ ወርቄ ድንጋዩን አውርደው «ይቅር ለእግዜር» ሲሉ ግን ሲ.ብ. ጎንበስ ብሎ መሣሪያውን እየነካካ ነበር። እሳቸውንስ አልኩት። ፊልም አለቀብኝ አለ። አመንኩት።

አስካለ ስታለቅስ ዋለች፤ የደስታ ነው። እኔም ደስ ብሎኛል። ይኼን ያዢልኝ፤ ብዙ ጊዜ አልልሽም።

ጥር 14

ሙቀት። ዝንብ። ካፒቴኑ ሾላው ሥር ወንበር ላይ። ሲ.ብ. ወደ ታች ተመልከት ይለዋል፤ ያያል። እጅህን ቀስ አድርገህ አንሣ ይለዋል፤ ያነሣል። ፊቱ ያለነው እኔና አንድ እከካም ውሻ ነን። ማንን ነው የሚያየው ብዬ ጠየቅኩ። እኔ የፈለግኩትን አለ ሲ.ብ.።

ከዚያ አስተማረኝ። ፎቶግራፌን አወጣ። አጠገቡ የዳቦ ሥዕል አኖረ፤ ይኸው ራበህ አለኝ። ዳቦውን አንሥቶ የሬሳ ሣጥን ሥዕል አኖረ፤ ይኸው አዘንክ። እውነቱን ነው። ፊቱ ያው የእኔ ፊት፣ ቅንድቡ እንኳ ንቅንቅ አላለም፤ ግን ራበው፣ ግን አዘነ። ሲኒማ ማለት ምን ከምን አጠገብ ይቀመጣል ማለት ነው፤ የቀረውን ተመልካቹ በገዛ ልቡ ይሠራዋል አለ።

ወደድኩት። ከእነሱ እጅ የወጣ ነገር መውደድ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ባወቅሽ።

ጥር 21፣ ካራቆሬ

ድምፅ የሚቀዳ መኪና መጣ። ሰርግ ቤት ሄድን። ሙሽሮቹ ገና አልደረሱም፤ ሲ.ብ. ግን ሴቶቹን ሰብስቦ እልል በሉ አላቸው። የሙሽራዋ እናት ለማን ነው እልል የምንለው ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩ። በኋላ እፈልግለታለሁ አለ። ይኼንንም ተረጎምኩ። ሳቁ፤ እልልታውንም አቀለጡት። ተቀዳ። ፊልሙም ድምፁም ነገ በመኪና ይሄዳል፤ የት ተሠርቶ እንደሚመጣ አልተነገረኝም።

ሚያዝያ 19

መጣ።

የዕቃ ቤቱን መስኮት በጆንያ ደፍነው በቀን አዩት። እኔም በሩ ሥር ቆሜ አየሁ።

መጀመሪያ ካፒቴኑ፣ ከጉድጓዱ የተነሣው፣ ሰማይ የሚያህለው። ከዚያ ሕዝቡ፣ ከላይ የታየው። ከዚያ አማቴ። ድንጋይ ተሸክመው ኮረብታውን ይወርዳሉ። እግራቸው። ላባቸው። አንገታቸው ሲደፋ። ወዲያው ካፒቴኑ ሾላው ሥር፤ ወደ ታች ያያል፤ እጁን ቀስ አድርጎ ያነሣል። ምሕረት ሰጠ! የካራቆሬ ሴቶች እልልታ ቀለጠ።

እትዬ ወርቄ የሉም። እጃቸው እንኳ የለም። ድንጋዩ ከአማቴ ጫንቃ አልወረደም፤ እንደተሸከሙ ቀሩ። ውሻውም እኔም የለንም።

በመካከሉ የፊልሙ ድምፅ በጣሊያንኛ ይናገራል፦ የይፋት ሽማግሌ ለመንግሥት ገባ። ጊዮርጊስ ዕለት ገበያው ሜዳ ላይ ለሕዝብ ይታያል፤ በአማርኛ የምናገረው እኔ ነኝ። የጣርማ በር ሠራተኞችም በካሚዮን ይመጣሉ።

ከበደም ይመጣል። አማቴ አንገታቸውን ሲደፉ በዓይኑ ሊያይ ነው፤ ለፈረንጅ። እናቴን አታለሏት፣ ሽማግሎቹም ተገዝተዋል ይላል። ምን ይበል? እኔስ ባላውቅ ሌላ ምን እል ነበር?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ በመስተዋቱ ያየሁ እኔ ነኝ፤ ዳቦውንና ሣጥኑን ያየሁ እኔ ነኝ። ከእኔ በላይ ማን መጠርጠር ነበረበት?

ሚያዝያ 20

ጠዋት ሲ.ብ. ዘንድ። ይኼን ቁራጭ አውጣው፣ ሰው ይሞትበታል አልኩት። እርቁን፣ ከበደን፣ ሁሉን ነገርኩት። ሰማኝ፤ ክፉ ሰው አይመስልም፤ እሱ ነው የሚያናድደው። ሴትየዋን መልሰህ አግባ ስለው እሷን አላነሣኋትም፣ ያልተነሣ ደግሞ የለም አለኝ። ሲጋራ ጋበዘኝ። አልተቀበልኩም።

ከሰዓት አማቴ ዘንድ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም፤ እኔ የወደቅኩት ወርቄ ፊት ነው፣ አገር አይቷል ይላሉ። የአገሩን ዓይን መሣሪያው ሽሮታል አልኳቸው። እጃቸው ጫንቃቸውን ዳበሰ።

ለከበደ ሰው ላክን። ካምፑ በር ላይ ዘበኞች መለሱት። ቢደርሰውስ? ያ ሰው ከጆሮው ዓይኑን ነው የሚያምነው።

አስካለ አባቴ በሲኒማ ሊታይ ነው እያለች ለጎረቤት ስታወራ ከርማለች። ማታ ነገርኳት። እራት አልበላንም።

ሚያዝያ 21

እትዬ ወርቄ ራሳቸው መጡ፤ አማቴ ነግረዋቸው። መቀመጫ ብናቀርብም አልተቀመጡም።

«አንተ ልጄ፣ እውነት እኔ የለሁበትም?»

«የሉበትም፣ እትዬ።»

«ድንጋዩስ? ማን አወረደው?»

«ማንም።»

ነጠላቸውን አጠበቁ። «ልጄን አፈር አለበስኩት። ይቅርታዬን ግን ቆሜ እያየሁ አይቀብሩብኝም» አሉ።

ከዚያ የጠየቁኝ የሥራ ጥያቄ ነው። ሥዕሉ ከየት ወጥቶ የት ነው የሚያርፈው አሉ። ከፊልም ማሳያው መኪና በብርሃን ይወጣል፣ የሚወጠረው አቡጀዲ ላይ ያርፋል አልኳቸው። መካከል ሰው ቢገባበትስ? ጥላው ሥዕሉ ላይ ይወድቃል አልኩ። እንግዲያ እኔ እገባበታለሁ አሉ። ጥላዬ ግን ትንሽ እንዳይሆን፣ ሰዉ ሁሉ ይየኝ አሉ።

ሳቅኩ፤ ከጥር ወዲህ መጀመሪያዬ መሰለኝ። ሲ.ብ. ያስተማረኝን በነጻ አስተማርኳቸው፦ ወደ መብራቱ በቀረቡ ቁጥር ጥላዎ ይገዝፋል። ካፒቴኑን ያክላሉ። ትንሽ ቀረብ ካሉ ይበልጡታል። ያለ ጉድጓድ።

ሲመለሱ በሩ ላይ ዘወር ብለው ቢተኩሱስ አሉ። ለራሴ ሳይሆን አብሮኝ ለሚቆመው ለደምሴ ነው የምጠይቅህ አሉና ሄዱ።

ሚያዝያ 22

ፈራሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሚያዝያ 23፣ ጊዮርጊስ፣ 12 ሰዓት ተኩል፣ ሲመሽ

አቡጀዲው ተወጥሯል፤ ነፋሱ ሆዱን ይነፋዋል። ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ፤ እግሩ ሥር የጥይት ሣጥን አኑረውለታል። ሲ.ብ. ዛሬ ተላጭቷል። ካሚዮኖቹ ከጣርማ በር ደረሱ። ከበደን አየሁት። ከፊት ነው፣ የዋሻው አቧራ ፀጉሩ ላይ አለ፣ ክንዱን አጣምሯል። ሰላም ስለው አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

የምናገረውን ቃል ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ኪሴ ውስጥ ነው። አልናገረውም። እዚያ ቦታ ሲደርስ ዝም እላለሁ። እትዬ ወርቄ ብርሃኑ ውስጥ ገብተው የሚሉትን ይበሉ። ካበቁ በኋላ እሳቸው ያሉትን ለካፒቴኑ በጣሊያንኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል። እስከ ዛሬ የእሱን ለእኛ ነበር የምተረጉመው።

የሚመጣው ይምጣ። ወስኛለሁ።

አስካለ አጠገቤ ቆማለች፤ ደብተሩን ስጠኝ ትላለች። ቤት ወስዳ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ልትቀብርሽ ነው። አትቀየሚኝ። ማሽላው ደረቅ ነው።

ሞተሩ ተነሣ። ይጠሩኛል።

እትዬ ወርቄ መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። መብራቱ አጠገብ ቆሙ፤ እንዳልኳቸው። ጋሽ ደምሴ ከኋላቸው። ድንጋዩን ተሸክመው