በአባባ ቦታ የሚቀመጠው

ጥር 14
ጤፍ ፈላጊ በዝቶ ዋለ። ሱቁን በጊዜ ዘግቼ በባጃጅ ወደ ጋፋት ሄድኩ፣ አያቴ አባባ ገብረኪዳን ቤት። አባባ ካረፉ ወራት አልፈዋል፤ ግቢያቸው ግን እንደነበረ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ አጥሩ ላይ የተደገፈ ሞፈር… ባዩ፣ የጡት ልጃቸው፣ ቀንበር ይጠርባል። በአባባ ምሳር። አባባ ይቀመጡበት በነበረው ግንድ ላይ።
«እታለም፣ ደህና ዋልሽ?»
«ደህና።»
የአባባ ልጅ፣ አክስቴ ፈንታነሽ፣ ወሬ ነበራቸው። የሚካኤል ማኅበር የካቲት 12 ሲሰበሰብ የአባባን ጽዋ የሚረከብ ሰው ከቤተሰቡ ይለያል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠጡበት ማኅበር።
እኔ ነኝ የምረከበው። ሌላ ማን አለ?

ጥር 15
ሌላ ማን እንዳለማ አውቃለሁ።

ጥር 18
አባባ ቀንበር ሲጨርሱ ዝም ብለው አይሸጡም ነበር። አንዱን ጫፍ በራሳቸው ጫንቃ፣ ሌላውን በእኔ። ትንሽ ስለነበርኩ ይንበረከኩልኝ ነበር። ግቢውን እንዞራለን፤ እሳቸው በጉልበታቸው፣ እኔ እየሳቅሁ። የቆረቆረኝን ቦታ ዳስሰው እንደገና ይልጉታል።
«በሬ አፍ የለውም፤ በሰማይ ግን ይከሰኛል።»
ከልጅ ልጆቻቸው ሁሉ ለዚህ ሥራ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ደምሴ ቀንቶ ያለቅስ ነበር። ሲያለቅስ ደስ ይለኝ ነበር…

ጥር 22
ባዩ ከእብናት ከብት ነድቶ መጥቶ፣ ታሞ አባባ ደጅ የወደቀ ሰው ነው። አስታመሙት፣ ዳነ፣ አልሄደም። በኋላ የጡት ልጅ አደረጉት። ቄሱ ባሉበት አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው አጠቡት። ጢም ያለው ሰው ጣት ሲጠባ! እኔ ሱቅ ነበርኩ። ማንም አልጠራኝም።
ዛሬ አክስቴን ለመንኳቸው።
«ጽዋውን ለእኔ ይበሉልኝ።»
«አጎትሽ እያለ?»
«የምን አጎት? በዕድሜ እበልጠዋለሁ እኮ!»
«ማር የላሰ አጎት ዕድሜው አይጠየቅም።» ሳቁብኝ።
«እኔንስ ለምን አላጠቡኝም?»
«አንቺ ደማቸው ነሽ። ደም ላለው ሰው ማር ምን ያደርግለታል?»
ምን ያደርግለታል… ይጣፍጠዋላ!

ጥር 28
ባዩ አዲሱን ቀንበር ተሸክሞ ግቢውን ሲዞር አገኘሁት። ብቻውን። ሌላው ጫፍ መሬት ይጎተታል።
«ከአባባ ጋር ነበር የምንሞክረው» አለ። «በኋላ ስለጎበጡ፣ እንዲመጣጠን እኔ እንበረከክላቸው ነበር።»
ማን ጠየቀው?

የካቲት 1
አባባ አልሸጥ ያሉት ቀንበር እንደነበር ትዝ አለኝ። አንድ ገበሬ ከነጉድፉ ልውሰደው ብሎ ለመናቸው። አንገቴን እያሳዩት «ይቺን ቆርቁሯታል» አሉት። ሰውየው ባዶ እጁን ሄደ።
ባዩን ቢቆረቁረውስ? ያን ጊዜም አልሸጥም ይሉ ነበር?

የካቲት 3
አባባ አያቴ ስትሞት ሌላ አላገቡም። ቆረቡ። በሚካኤል ቀን ምሳር አይነኩም ነበር፣ ክረምት ገብቶ ገበሬው ደጃቸው ቢሰለፍም። ስድስት ልጅ ያሳደጉት በዚያ ምሳር ነው።
መጨረሻ ላይ እግራቸው እምቢ ሲል ለቤተ ክርስቲያን ባጃጅ ላምጣ አልኩ።
«ተይው። ባዩ አለልኝ።»
አዝሏቸው ሄደ። ያመጣሁላቸውን ብርቱካን ይዤ ቀረሁ።

የካቲት 8
አያ ብርሃኑ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው፣ በሱቄ ደጅ ሲያልፉ ጠርቼ ሻይ ጋበዝኳቸው።
«አያ ብርሃኑ፣ የጡት ልጅ ዛሬ ማን ይቆጥረዋል?»
ሻዩን ጨረሱ። ብርጭቆውን አስቀመጡ።
«ሚካኤል» አሉ።

የካቲት 12
ማኅበሩ አያ ብርሃኑ ቤት ነበር። ጸሎት ተደረሰ። ዳቦው ሳይቆረስ እሳቸው እንደ ወጉ ጠየቁ።
«የተጣላ አለ? የተጣላ ከዚህ ጽዋ አይቀምስም።»
ሰዉን በዓይናቸው ቃኙ።
«ደህና። የገብረኪዳንን ጽዋ ማን ይረከባል?»
«እታለም ትረከበው» አለ ባዩ ከበሩ አጠገብ።
ሰጠኝ! የአባቴን አባት ጽዋ፣ ከእብናት የመጣ ሰው፣ ለእኔ! እሱ ሰጪ፣ እኔ ተቀባይ…
ዝም ብዬ ብቀበል ኖሮ ይኸኔ የእኔ ነበር። አፌ አስቸገረኝ።
«እኔ ተጣልቻለሁ።»
«ከማን?»
«ከባዩ።»
«ምን በደለሽ?»
አሰብኩ። ፈለግሁ። አንድም ነገር አላገኘሁም።
«ምንም።»
ሰዉ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ምንም ካልበደለሽ በምን እናስታርቃችሁ? ካሳው ምንድን ነው?»
«አባባ ወደዱት» አልኩ።
ሳቁ ቆመ። አክስቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።
«ይኸማ ጠብሽ ከገብረኪዳን ነው» አሉ አያ ብርሃኑ። «እሱን ከየት ላምጣልሽ?»
ጽዋው ለባዩ ሆነ። ለመጋቢት ደጋሹም እሱ ነው። እኔ ሳልቀምስ ወጣሁ።
ባዩ ተከተለኝ። እስከ ሱቄ ደጅ ድረስ።
«ድፎ የሚጋግርልኝ የለም» አለ በመጨረሻ። «እት ፈንታነሽም አቅም የላትም።»
«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»
አልለመነኝም። ቢለምነኝ እምቢ ለማለት ይቀለኝ ነበር።
«ስንዴ አለህ?»
«የለኝም።»
ሱቅ ገብቼ ነጩን ስንዴ ለየሁ። ድግሱ የእሱ ነው፤ አውቃለሁ። የሚቀመጠውም በአባባ ቦታ እሱ ነው። ዳቦው ሲቆረስ ግን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «የማን እጅ ነው?» ብሎ ነው።
ይጠይቅ። ባዩ ራሱ ይመልስላቸው።