የሰባቱ ችግኞች መጋረጃ

የካቲት 8

ቅበላ። ወንድይራድ ሥጋውን ጠግቦ ሶፋ ላይ ተዘርሯል። ነገ አውቶቡስ የሚነዳ ባል አይመስልም። እኔ ለጾሙ የሚሆን በርበሬ ስቀነጥስ ዋልኩ። እህቴ እቴቴ ማስረሻ አምና ከበርበሬ አገሯ ከቆሼ የላከችው ነው። ከረጢቱ ሥር አንድ ዛላ... ረጅም፣ ወፍራም፣ ምንም ያልነካው። ልቀነጥሰው ስል እጄ እምቢ አለኝ።

የአባባ ዘር ነው እኮ። እቴቴ ጓሮዋ ለመንገድ ከሄደባት ወዲህ ዘርታ አታውቅም። ባለፈው በስልክ «ዘሩም አብሮ አለቀ፣ ብርቄ» ብላኝ አለቀሰች።

አላለቀማ! እጄ ላይ አለ። ብዘራውስ? በሰው አገር፣ ሃግሴትራ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ውጭ በረዶ... ቢሞከር ምናለበት?

የካቲት 9

ሃያ ስድስት ፍሬ ወጣው። እርጥብ ሶፍት ላይ ደርድሬ፣ በላስቲክ ሸፍኜ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩ። እዚያ ሞቅ ይላል። ለእቴቴ አልነገርኳትም። ካልበቀለ ሁለተኛ ኀዘን ነው የሚሆንባት።

የካቲት 19

ምንም። ዘሩ አርጅቶ ይሆን?

የካቲት 23

በቀለ! በቀለ! አንዱ ነጭ ጥርስ አውጥቷል። ከምሠራበት ሆስፒታል ወጥ ቤት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ያየሁት። ልጄን ዝማሬን ጎትቼ አመጣኋት። አንድ ጊዜ አየት አድርጋ «ኩል፣ አሪፍ ነው፣ ማማ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፣ ምን ይደንቃታል!

የካቲት 29

ሰባት። ከሃያ ስድስቱ ሰባት። ሌላው ሻግቶ ተጣለ። ሰባቱን እንቁላል መያዣ ውስጥ አፈር ሞልቼ ቀበርኳቸው። ሰባት ይበቃኛል... አንድም ቢሆን ይበቃኝ ነበር።

መጋቢት 11

ቀጠኑብኝ! ወደ መስኮቱ ሲንጠራሩ ክር ሆኑ። ፀሐይ የት አለና? ዝማሬ ስልኳ ላይ አንብባ «ዩስ፣ ማማ፣ ዩስ!» አለችኝ። ብርሃን። ነገ መብራት እገዛለሁ።

መጋቢት 12

የአትክልት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። እንዴት ደስ የሚል ቀን! ሻጩ ጢማም ልጅ ነው። ሁለት ዓይነት መብራት አበራልኝ፤ ሐምራዊና ነጭ። «ነጩ ይሻልሻል። ቅጠሉ ቢታመም ቶሎ ታዪዋለሽ» አለኝ። ልክ ነው መሰለኝ። ግን ሐምራዊው ሲበራ... መድኃኒት ይመስላል! ሐምራዊውን አልኩ።

«ስንት ተክል ነው?»

«ሰባት። ማንም እንዳያይብኝ ነው የምፈልገው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሻሽ ያሰረች የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት። «እኛ ምንም አንጠይቅም» ብሎ ፈገግ አለ። የሚጠየቅ ነገር ምን አለ? ብቻ ጨዋ ልጅ ነው።

መጋቢት 16

ዛሬ አዛወርኳቸው። የእርጎ ካርቶን ቆርጬ፣ ሥሩን በስቼ፣ አፈር ሞላሁ። ግንዱ አይያዝም፤ ከተቀነጠሰ አለቀ። ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዤ፣ ሥሩን ከነአፈሩ በማንኪያ አንስቼ፣ ያንን የረዘመ አንገቱን እስከ ታችኛው ቅጠል ቀበርኩት። ውሃ ከሥር። መብራቱን ከላያቸው አንድ ስንዝር አርቄ ሰቀልኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ራሱ ይበራል፣ ማታ አራት ሰዓት ራሱ ይጠፋል። ሰባቱም ቆመዋል! ስንት ጊዜ ተመላልሼ አየኋቸው... ወጡ አረረ።

ከዚያ መጋረጃው። እናቴ «አራስና ችግኝ አርባ ቀን ሳይሞላው ለሰው ዓይን አይሰጥም» ትል ነበር። የትንሿን ክፍል መስኮት በአሉሚኒየም ፎይል ለበጥኩ፣ በላዩ አንሶላ ጣልኩበት፣ በሩንም ቆለፍኩ። ወንድይራድ ሳቀብኝ።

«ሃግሴትራ ውስጥ ማን ዓይን ይጥልብሻል?»

«ዓይን ቪዛ አይጠይቅም» አልኩት።

ሚያዝያ 5

ፋሲካ በሰላም አለፈ። ግን የመጣው እንግዳ ሁሉ «ያ ክፍል ለምን ተቆለፈ?» ማለት። «ዝማሬ አሟት ተኝታለች» አልኩ። ዝማሬ ደግሞ ከጎኔ ቆማ ዶሮ ትበላለች! አፈርኩ። በበዓል ቀን ውሸት... ይቅር ይበለኝ። ችግኞቼ ግን እንዴት አድገዋል!

ሚያዝያ 9

ፊት ለፊታችን የሚኖሩት አሮጊቷ ጉኔል ዛሬ አሳንሰር ውስጥ አገኙኝ። «ውሻዬን ሳናፍስ አያለሁ። መስኮትሽ ዳር ዳሩ ጠዋትም ማታም ሐምራዊ ነው» አሉኝ። ደነገጥኩ። «የልጄ መብራት ነው» አልኩ። ዓይናቸው ደግሞ አይነቀልም። ገብቼ ፎይሉን ደረብኩበት።

ሚያዝያ 16

ከቤት አከራዩ ድርጅት ደብዳቤ መጣ። ሚያዝያ 21 ጠዋት አራት ሰዓት ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። «ሁሉም ክፍል ይከፈት» ይላል። የኛ ብቻ ለምን?

ዝማሬ አነበበችው። ተነስታ ክፍሉን ከፈተች። ፎይሉን አየች፣ መብራቱን አየች፣ ቁልፉን አየች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትስቅ ጀመር። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ማማ... ዶም ትሮር አት ዱ ኡድላር ሃሽ።»

ሐሺሽ ትተክላለች ብለው ነው አለችኝ! እኔ? የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ? ሐሺሽ የሚተክል ሰው ነው እንዲህ የሚሸፍነው አለች። ያ ሱቅ ያለው ልጅ... «ምንም አንጠይቅም» ያለኝ... ወይኔ ጉዴ!

ሚያዝያ 17

ወንድይራድ አልሳቀም።

«ለዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ወረፋ ጠብቀናል። አውጥተሽ ጣይው።»

«በርበሬ ነው እኮ!»

«እስኪጣራ ሰው ምን ይላል? ማኅበሩስ?» ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «እቴቴ እንደሆነች አታውቅ። ያላወቀችው ነገር አይጎዳት።»

እሱም እውነቱን ነው። ግን እኔ አውቃለሁ። ከዚህ ከወጣ የአባባ ዘር የትም የለም። እምቢ አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ሚያዝያ 20

ቆጠርኩ። ካዛወርኳቸው ሠላሳ አራት ቀን። ለአርባው ስድስት ይቀራል። ነገ ግን ይመጣሉ። ልደብቃቸው? የት? ዝማሬ ጓደኛዋ ጋ ኖርስቦሪ ልውሰዳቸው አለች። በባቡር፣ በዚህ ብርድ... አይ! መደበቁ አይደል እዚህ ያደረሰኝ? እማዬ ይቅር በይኝ አልኩና ፎይሉን ቀደድኩት። አንሶላውንም።

ከዚያ ሱቁ ሮጥኩ። «ነጩን ስጠኝ! በርበሬ ነው!» አልኩት ገና ከበሩ። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ።

ነጩን ሳበራው ምን አየሁ? ሁለቱ ገርጥተዋል! የታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ። በሐምራዊው ሁሉም ጥቁር ስለሚመስል አላየሁም። ለካ ከዓይን ስሸሽግ ከራሴም ዓይን ሸሽጌያቸዋለሁ። ቶሎ ማዳበሪያ በጥብጬ ሰጠኋቸው።

ሚያዝያ 21

መጡ! የድርጅቱ ሰው አንድ ጎልማሳ ነው። ሰባቱን መስኮቱ ላይ አሰልፌ ጠበቅኩት። ጎንበስ አለ። ቅጠሉን ነካ፣ ጣቱን አሸተተ።

«ቺሊ?»

«በርበሬ። የአባቴ።»

ቀና ብሎ ሳቀ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የእሱ ቲማቲም ቀጥኖበታል! ስለ መብራት ስናወራ ግማሽ ሰዓት ሄደ። «ነጭ ግዛ፣ አንድ ስንዝር፣ አንገቱን ቅበር» አልኩት። ወንድይራድ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ሰውየው ሲወጣ መጥቶ አቀፈኝ።

ከሰዓት በኋላ ጉኔል አንኳኩ። «ለድርጅቱ የደወልኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ፊታቸው ቀልቶ። «የዋሸሁትም እኔ ነኝ» አልኳቸው። ገብተው አዩ። ችግኞቹን ብዙ ጊዜ ቆመው አዩ። እኔም አልፈራሁም። ሲወጡ «የኔ ባልኮን መስታወት አለው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። የእናንተ ሰሜን ነው የሚያየው» አሉኝ።

ሰኔ 3

ሰባቱም ባልዲ ባልዲ ይዘው ጉኔል ባልኮን ላይ ናቸው። የገረጡት ሁለቱም ድነዋል። ጠዋት ስሄድ ጉኔል በፒጃማ ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። «ስጠብቅሽ ነበር፣ መጣሽ አልመጣሽ እያልኩ» ብለው እጄን ይዘው ጎተቱኝ። አበባ! ነጭ አበባ!

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ፣ ማኅበሩም እኛ ቤት ነበር። ከሰባቱ ተክል አርባ ሁለት አረንጓዴ ለቀምኩ፤ ትልልቆቹን እንዲቀሉ እዚያው ተክሉ ላይ ተውኳቸው። ስንግ ሠራሁ፣ ሽንኩርቱን ሞልቼ። ሊቀመንበራችን አቶ ከፍያለው ሲነክሱ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ «ሌላ አለ?» አሉ። ጉኔልም ነበሩ። አንድ ነክሰው አንድ ማሰሮ እርጎ ጨረሱ!

ከዚያ እቴቴን በቪዲዮ ደወልኩላት። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልነገርኳትም። ባልኮኑ ላይ ወስጄ አሳየኋት። አልገባትም። «የማን ነው?»

«ባለፈው ዓመት ከላክሽው ውስጥ አንድ ዛላ ቀርቶ ነበር።»

«እስኪ ጫፉን አቅርቢልኝ።» አቀረብኩ። ጫፉ ትንሽ ጠመም ይላል፣ ሁልጊዜም እንዲያ ነው። ከዚያ «የአባባ ነው» አለች። ሁለታችንም አለቀስን። ወንድይራድ ስልኩን ያዘልን።

መስከረም 9

ቀልቶ፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሏል። ሁለት መቶ ፍሬ። ማኅበርተኛው ሲራክ ነገ አዲስ አበባ ይገባል፤ መቶውን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት። የእቴቴ ልጅ ይቀበለዋል። ሃምሳውን ለጉኔልና ለማኅበሩ፣ ሃምሳው እዚህ።

እቴቴ ማታ ደወለች። ግቢዋ ጠባብ ነው፣ ግን አሥር ጀሪካን ቆርጣ አፈር ሞልታ ጨርሳለች። «ከአጥሩ ጀርባ ነው የማደርገው። አርባ ቀን ማንም አያየውም» አለችኝ።

«እቴቴ፣ አሳዪ» አልኳት። «ለጎረቤት ሁሉ አሳዪ። የፈለገም ይትከል።»