እድሩ የመኪናችንን ቻርጅ ሲዳኝ

እሁድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018

ዛሬ እድሩ በኛ ኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ተሰበሰበ። አባዬ ማታ ማታ ቻርጅ ላይ ሲሰካት የሰፈሩ መብራት ይደክማል፣ የማንም ምድጃ አይግልም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «መኪናችሁ ወጤን ጥሬውን እየበላችው ነው» ሲሉ ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ሰው ራቱን ሳይሠራ፣ ከማታው አራት ሰዓት በፊት የሰካ ይቀጣ» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ተስማማ። ዳኛው ደግሞ «ትምህርቱን እንደሁ ትተሽዋል፤ ተቆጣጣሪዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

አንድ ሰዓት ላይ አባዬን ሲሰካ ያዝኩት። «ነገ በጠዋት በቆጂ ሰው አደርሳለሁ። ልጄ አይደለሽ?» አለኝ።

«እስከ አራት ሰዓት አይደለሁም» ብዬ ነቀልኩት።

ተናዶ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሰዓቱን ይጠብቅ ጀመር። ራቱን ወስጄለት መስኮቱን አንኳኳሁ።

«አላወርደውም፣ ቻርጅ ይበላል» አለኝ።