ሦስቱ የጥበብ ሲዲዎች

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሙቀቱ ዘንድሮ አልወጣም ብሏል። ጠዋቱን ሙሉ የማዳበሪያ ጭነት ወረቀት ይዤ ከቢሮ ወደብ፣ ከወደብ ቢሮ።

ሰባት ሰዓት ግድም፣ የዕለቱ ጫት ከተማ ገብቶ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲበተን፣ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ በር ላይ ቆመ። "ፀዳል? የጥበብ እህት?" በፈረንሳይኛ። ወዲያው አላወቅኩትም... ነቢል! ከወንድሜ ጋር እዚሁ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ያደገው፣ አብሮት ፈረንሳይ፣ ማርሴይ የሄደው፣ አብሮት ያንን የፓንክ ባንድ ያቋቋመው። እሱ ጊታር፣ ጥበብ ድምፃዊ። ባንዱን "ኬ ኔፍ" አሉት፣ በወደባችን አንድ የመርከብ ማቆሚያ ስም።

ጥበብ እዚያው ማርሴይ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ነቢል ሲያቅፈኝ ነው በደንብ ያለቀስኩት። እቤት ለቅሶ አልተቀመጥንም። አባባ አልፈለገም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ነቢል መምጣቱን ለአባባ አልነገርኩትም። ራቱን በላ፣ ዜና ሰማ፣ ተኛ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከሥራ በኋላ ነቢልን ሻይ ቤት አገኘሁት። የመጀመሪያ አልበማቸው እንደገና ሊታተም ነው። የቤተሰብ ፈቃድ ይፈልጋሉ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሲዲ ደረደረ። ያው አልበም፣ በሦስት አገር የታተመ። የፈረንሳዩ ሽፋን የዛገ ክሬን ነው። የእንግሊዙ ላይ አራቱም የባንዱ ልጆች ቆመዋል፤ ጥበብ ቀጭን፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ... የጃፓኑ ክሬኑ አለው፣ ግን በማላውቀው ፊደል የተጻፈ ወረቀት እንደ መቀነት ዞሮበታል።

"ልዩነታቸው ሽፋኑ ብቻ ነው?"

"አይደለም። እንግሊዞቹ 'በሩ' የሚለውን ዘፈን ከአልበሙ ቀንሰውታል። መጨረሻው በማይገባ ቋንቋ ነው ብለው። ጃፓኖቹ ደግሞ ያልተቆረጠውን ስጡን አሉ።"

"በሩ"... ያ ዘፈን ለአባባ ምን እንደሆነ ነቢል አያውቅም።

አልበሙ የወጣ ሰሞን ነው። አባባ ያኔ ባቡር ድርጅት ይሠራል። አንድ ባልደረባው ከፈረንሳይ ሲመለስ ሲዲውን ይዞ መጥቶ እቤታችን አጫወተለት። ጥበብ በፈረንሳይኛ ስለ ተዘጋ በር ይጮሃል፣ ይጮሃል... ሙዚቃው ቀጥ ይላል። ከዚያ በአማርኛ፣ በንግግር፦ "አባቴ ሞቷል።" ድራሙ አንዴ ይመታል። አለቀ።

በእንግዳ ፊት! አባባ እዚያው ተቀምጦ!

ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም አልጠራም። ሲደውል ይዘጋበታል። ጥበብ ደግሞ አባባ የተቆጣው ሳይሰናበት ስለሄደ ይመስለው ነበር። እንደመሰለው ሞተ።

"ነቢል፣ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚል ታውቃለህ?"

"አማርኛ አልችልም እኮ። ስጠይቀው 'የቤት ጉዳይ ነው' አለኝ።"

አርብ፣ ጥቅምት 8

ነቢል ሲዲዎቹን ሰጥቶኛል፤ ያልተቆረጠውን መስማት ፈልጌያለሁ፤ አሁን ግን እቤት ሲዲ ማጫወቻ የለም። ቢኖርስ? ማን ሊያጫውት!

ባንቲሁን የቢሯችን ደንበኛ ነው፣ የአዲስ አበባ መስመር ሾፌር፣ ጨዋ ሰው። ከከተማ ወጣ ብሎ የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ላይ የጭነት ተራ እየጠበቀ ነው። የመኪናው ማጫወቻ አሮጌ ነው፣ ሲዲ ይቀበላል። ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠን የአባባንና የጥበብን ነገር ነገርኩት። የጃፓኑን አስገባሁ።

ጩኸቱ። በሩ። ዝምታው። "አባቴ ሞቷል።"

ድራሙ እዚህ ጋ ነበር የሚመታው። አልመታም። ትንፋሹ ይሰማል... ከዚያ፦

"...አልኳቸው። ፖሊሶቹን። የቤትህን ስልክ ስጠን ሲሉኝ። እንዳይደውሉለት። ልቡን ያመዋል፤ ይደነግጥብኛል።"

ከዚያ ድራሙ።

ባንቲሁን "እስቲ ድገሚው" አለ። ደገምነው። የፈረንሳዩን አስገባን። "ሞቷል" ላይ ያልቃል። አንድ ቃል! "አልኳቸው" ከማለቱ በፊት ቆረጡት! አማርኛ የማያውቅ ሰው፣ ድምፁ ያረፈበትን ቦታ አይቶ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት..." አለ ባንቲሁን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ለነቢል ደውዬ ተርጉሜ ነገርኩት። ማርሴይ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖራቸው ፖሊስ የያዛቸው ጊዜ ነው አለኝ። ዘፈኑን ስቱዲዮ ያለው ሰውዬ ነው የቆረጠው፣ ረዘመ ብሎ። "እኛም ጥሩ አጨራረስ ነው አልን። ጥበብ ያን ቀን አልነበረም። ኋላ ሲሰማው ተናደደ። ግን ታትሞ አልቆ ነበር።"

አባባን እንዴት አድርጌ ልንገረው?

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞከርኩ።

"አባባ፣ ስለ ጥበብ..."

"ተይኝ።"

"ዘፈኑ ተቆርጦ ነው እንጂ..."

"ተይኝ አልኩሽ እኮ!"

ምሳውን ትቶ ወጣ። ምርኩዙን እንኳ አልያዘም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፦ "ሞቷል ካለ በኋላ ነው የምትይው?"

"አዎ፣ አባባ።"

የት እንደሰማሁት፣ የባንቲሁንን መኪና ነገርኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ወደ መኪና ማቆሚያው ሄድን። እሱ ራሱ ነው "ሰውዬው መኪናውን ይዞ ሳይሄድ" ያለኝ።

ጋቢናው ከፍ ይላል። ባንቲሁን ከታች ደገፈው። "ቀስ ይበሉ ጋሽ ከበበው፤ እዚህ ጋ ይያዙ።" ከዚያ በሩን ዘግቶልን ራቅ ብሎ ቆመ።

"አባቴ ሞቷል" ሲል አባባ ዓይኑን ጨፈነ፣ በጥፊ እንደሚመታ ልጅ። ጨፍኖ ጠበቀ። "አልኳቸው" መጣ። ፖሊሶቹ መጡ። "ልቡን ያመዋል" ሲል እጁ ወደ ደረቱ ሄደ።

"ድምፁ ጎርንኗል" አለ። "ጉንፋን ይዞት ነበር መሰለኝ።"

ቆይቶ፦ "ሲደውል ምን ሊለኝ ነበር?"

ሲያለቅስ ድምፅ የለውም ለካ። ትከሻው ብቻ ነው።

አርብ፣ ጥቅምት 22

ነቢል ነገ ይመለሳል። አባባ "ጥሪልኝ" ስላለ ማታ እቤት መጣ። ገና ሲገባ ከአባባ እግር ላይ ሊወድቅ አለ። አባባ ያዘው፣ አጠገቡ አስቀመጠው።

"በፈረንሳይ የወጣውን ትተን ሙሉውን እናሳትመዋለን፣ ከፈቀዱ" አለ ነቢል በፈረንሳይኛ።

አባባ አሰበ።

"ሁለቱንም አውጡት። መጀመሪያ የተቆረጠውን፣ ቀጥሎ ሙሉውን። ሰው እኔ እንደሰማሁት ይስማው።"

ፈረመ። ከዚያ መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀ። ኮረብታ ላይ ነው፣ ባሕሩ ከዚያ ይታያል አለው ነቢል። ማን ይጠይቀዋል? አለው አባባ። እኔ እሄዳለሁ አለው።

አባባ ልሂድ ቢል ፓስፖርቱ ጊዜው አልፎበታል። ቪዛውስ ይገኛል? ልቡስ መንገዱን ይችለዋል? አላውቅም። ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ነቢልን እስከ በር ልሸኘው ተነሳሁ። አባባም ተነሳ። ክንዱን ያዘው።

"መቃብሩ ጋ ስትሄድ ለጥበብ ንገርልኝ" አለው። "አባትህ እየመጣ ነው በለው።"